የሁለት ቤት አውራ ዶሮ

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው። ይህን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ዶሮው ጮኸ።

የልጅነት ጓደኛዬ ከማል በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነበር። ከማክሰኝት በሚኒባስ መጥቼ አዲስ ዓለም ሰፈር ካለው ቤታቸው ስደርስ፣ ወንዶቹ ደጅ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ ግን እዚያ ቤት እንደ እንግዳ ደጅ ተቀምጬ ስለማላውቅ ቀጥ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቤቱ ቅርንፉድ ሻይና የማሽን ዘይት ይሸታል። የከማል አባት ጋሽ ኑሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ የስፌት ማሽናቸው ግን አሁንም ጥግ ላይ እንደቆመ ነው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ጢሜም ጫማዬም ዕድሜዬም ከላዬ ወለቁና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

እናቱ እትዬ ከድጃ አንገቴን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ጆሮዬ ሥር ተጠጉ።

«ሙሌ፣ ነኢማ አላለቀሰችም» አሉኝ። «አንዲት ጠብታ እንባ እንኳን! እህልም አልቀመሰች። ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምታየው። ሐዘን ካልወጣ ይመርዛል፣ ልጄ። አንተ ጓደኛው ነህ፤ እስቲ አንተ አናግራት።»

ነኢማ የከማል ታላቅ እህት ናት። የምትበልጠን በአራት ዓመት ነው፤ ልጆች ሳለን ግን የምታዘን በአርባ ዓመት እንደምትበልጠን አድርጋ ነበር። አሁን ሻርፗን ተከናንባ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«መልአክ ነበር እኮ» አሉ አጠገቧ ያሉት ሴትዮ።

«ድምፁ እንኳን ተሰምቶ አያውቅ» አሉ ሌላዋ።

«ተንኮል የሚባል ነገር ያልፈጠረበት!» አሉ ሦስተኛዋ።

ያኔ ነው ከጓሮ በኩል ዶሮ የጮኸው። ሻካራ፣ ረጅም፣ ሰው ንግግር ውስጥ ጥልቅ የሚል ጩኸት ነበር፤ «ውሸት ነው!» የሚል ይመስላል። ነኢማ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ በኋላ ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ተንቀጠቀጥኩ። አንዲት አሮጊት ከኋላዬ መጥተው ጀርባዬን እየመቱ፣ «አይዞህ ልጄ! አውጣው፣ ውስጥህ አታስቀረው!» አሉኝ።

ነኢማ ተነሣችና በእጅጌዬ እየጎተተች ወደ ጓሮ አወጣችኝ።

«ምን ያስቅሃል አንተ? ሰው ምን ይለናል?»

«አንቺ ነሽ የጀመርሽው።»

«እኔ ሳቅሁ?»

«ከንፈርሽ ተንቀሳቅሷል። አይቻለሁ።»

አልካደችም። የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ሙሌ፣ እነዚህ ሰዎች ስለማላውቀው ሰው ነው የሚያወሩኝ» አለች። «መልአክ ነበር ይላሉ። ዝምተኛ ነበር ይላሉ። ከማል ዝምተኛ? ከማል ተንኮል አያውቅ? በዚህ ከቀጠሉ ወንድሜ ይጠፋኛል። ትናንት ፊቱን ላስበው ብዬ ዓይኔን ብጨፍን አንድ ጨዋ ሰውዬ መጣብኝ። ለዚያ ሰውዬ አላለቅስም። አላውቀውማ!»

እኔም በሚኒባሱ ውስጥ አንድ የሐዘን ግጥም እየጻፍኩ ነበር የመጣሁት፤ ውስጡ «መልአክ» የሚል ቃል አለበት። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ጨመደድኩት።

«እንግዲያው የሻምበልን ነገር ላውራሽ?» አልኳት።

«አሳስተህ ነው የምታወራው፤ አውቅሃለሁ» አለች። «ግን አውራኝ።»

የእኛን ቤትና የእነከማልን ቤት የሚለየው አንድ ጠባብ መንገድ ነበር። ቅዳሜ ገበያ በመጡ ቁጥር እኛ ቤት ጎራ የሚሉ አያ ደሴ የሚባሉ፣ ከትክል ድንጋይ አገር የሚመጡ ገበሬ ነበሩ፤ የአባቴ ዘመድ ናቸው። አንድ የክረምት ቅዳሜ ከጋቢያቸው ሥር ጫጩት አወጡና በእኔና በከማል መሀል መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ይኸውላችሁ፣ ለሁለታችሁ ነው። ሸጋ አድርጋችሁ አሳድጉት።»

አያ ደሴ ደግ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ምን እንደሠሩ ግን አላወቁትም።

ጫጩቱ አንድ ሳምንት እኛ ቤት፣ አንድ ሳምንት እነከማል ቤት እያደረ አደገ። አውራ ሆነ። ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ ሻምበል አልነው፤ በዚህ ምክንያት የሰፈራችን ጡረተኛ ሻምበል ሰላምታችንን መቀበል ተዉ። ሁሉም ነገር ሰላም ሳለ ነው ከማል አንድ ቀን ጥያቄውን ያነሣው።

«ሙሌ፣ ይሄ ዶሮ ምንድን ነው?»

«እንዴት ምንድን ነው?»

«የእናንተ ነው የእኛ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። እኛ ስንደግስ ለእነከማል ለብቻ የሚያርድ ሰው ይጠራል፤ እነሱም ሲደግሱ ለእኛ እንዲሁ። ትልልቆቹ ይህን ሲያወሩ የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ ይላሉ። እኔና ከማል የተረዳነው ግን ሃይማኖቱ የአራጁ ሳይሆን የከብቱ እንደሆነ ነው። ሥጋው የክርስቲያን ከሆነ በሬው ክርስቲያን ነበር ማለት ነው። አራጆች አንገቱን ዳሰስ አድርገው የሚለዩት ይመስለን ነበር። ስለዚህ የሻምበልን ሃይማኖት ሳይረፍድ ማወቅ ነበረብን።

የመጀመሪያው ፈተና ጩኸቱ ነበር። ሰፈራችን ማለዳ ከመስጊዱ አዛን ይሰማል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኪዳን ይሰማል። ሻምበል ከየትኛው ጋር ይጮሃል ብለን ጆሯችንን ጣልን። እሱ ከሁለቱም ቀድሞ ጮኸ። ከሁለቱም በኋላ ጮኸ። ቀትር ላይም ጮኸ፤ የሒሳብ አስተማሪያችን በመንገድ ሲያልፉም ጮኸ። ሁለተኛው ፈተና ጾም ነበር። ዓርብ ቀን ቅቤ የነካው ፍርፋሪ ሰጠሁት፤ ዋጠው።

«ክርስቲያን አይደለም!» አለ ከማል በደስታ።

ረመዳን ሲገባ ከማል በጠራራ ፀሐይ ስንዴ በተነለት። ለቀመው።

«ሙስሊምም አይደለም!» አልኩ እኔ።

ከማል በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ትንሽ አሰበና፣ «ልጅ ነው፤ ለጾም አልደረሰም» አለ። እኛ ቤትም ትንንሾቹ እንደማይጾሙ ትዝ አለኝ። ፍርዱ ወደፊት ተላለፈ።

«ኋላ አያ ደሴን ጠየቃችኋቸው» አለች ነኢማ፤ ጉልበቷን አቅፋ ማዳመጥ ጀምራለች። «እኔ በር ላይ ነበርሁ።»

አዎ፣ አያ ደሴን ጠየቅናቸው። አያ ደሴ ሻምበልን አገላብጠው አዩትና፣ «ምነው ልጆቼ! ዶሮ ደግሞ ምን ሃይማኖት አለው? ሀገሩ ትክል ድንጋይ ነው፤ በቃ» አሉን።

እኔና ከማል ተያየን። ትክል ድንጋይ የሚባል ሦስተኛ ሃይማኖት መኖሩን የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

የየትኛውም ሃይማኖት ይሁን፣ ሻምበል ምግባር አልነበረውም። ጋሽ ኑሩ በረንዳቸው ላይ ማሽናቸውን ዘርግተው ሲሠሩ ደንበኛ ይመጣል፤ ደንበኛው ለልኬት እግሩን ከፈት አድርጎ ይቆማል፤ ሻምበል ደግሞ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው አይወድም። አንድ ጊዜ ከኮላ ድባ የመጡ እህል ነጋዴ የአንዱ እግራቸው ልኬት እንዳለቀ ተነክሰው ሮጡ፤ ሌላው እግር በግምት ተሰፋ። ሰውዬው ያን ሱሪ ለብሰው ሲሄዱ ሁልጊዜ ዳገት የሚወጡ ይመስሉ ነበር።

«የእኔስ ተረከዝ?» አለች ነኢማ። ጫማዋን አውልቃ አሳየችኝ። ትንሽ ነጭ ጠባሳ አለች። «ትምህርት ቤት ስሄድ መንገዱን ዞሬ ነበር የምሄደው። ከማል ደግሞ ምን ይለኝ ነበር? ‹እትዬ፣ ጥፋቱ የአንቺ ነው፤ ሰላም ሳትይው ታልፊያለሽ።›»

ስትለው ድምፅዋ የከማልን ሆነ። ቶሎ ብዬ ቀጠልኩ።

ያን ዓመት ገናና አረፋ ተከታትለው መጡ። ገና ሊደርስ ሲል እናቴ ሻምበልን በዓይኗ መመዘን ጀመረች። ግን ዶሮው የጋራ ነው፤ አንዱ ቤት ካረደው ሌላው ቤት አይቀምሰውም። ሌላ አገር ቢሆን አንዱ ወገን ቀደም ብሎ ያርደው ነበር። እኛ ዘንድ ግን ይሉኝታ አለ።

«ከድጃ፣ እናንተው እረዱት» አለች እናቴ መንገድ ላይ ቆማ። «እኛ እንደበላን ነው።»

«አልማዝ ሙች! በዓሉ የእናንተ፣ እናንተ እረዱት እንጂ።»

«የልጅሽን ድርሻ በልቼ አፌን ልጥረግ?»

«እኔስ የልጅሽን በልቼ የት እገባለሁ?»

እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ እናቴ የገና ዋዜማ ዕለት፣ ዓይኗ አይቶት እንዳትፈተን፣ ሻምበልን እግሩን አስራ ወደ እነከማል ቤት ላከችው። ለእኛ ሌላ ዶሮ ተገዛ። ወዲያው አረፋ ደረሰ። እትዬ ከድጃ በተራቸው ዓይናቸው እንዳይፈተን ሻምበልን እግሩን አስረው ወደ እኛ መለሱት። ሌላው ዶሮ በዓል ሲመጣ ይጨነቃል፤ ለሻምበል ግን በዓል ማለት ዘመድ መጠየቅ ነበር። በየዋዜማው ተሸክመነው መንገዱን ስናሻግረው አንገቱን አቅንቶ ግራና ቀኝ ይመለከታል፤ ሰላምታ የሚሰጥ ነበር የሚመስለው።

ጌታዬ፣ ያ ዶሮ እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ይኖር ነበር! ግን በቅበላ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠፋ። አጥሩ ሥር ሦስት ላባ ተገኘ። ከማል በርከክ ብሎ መሬቱን መረመረ፤ አፈር አንሥቶ አሸተተ።

«ሸለምጥማጥ» አለ። «ሴት ናት። ወደ ወንዙ ነው የሄደችው።»

አሁን ሳስበው ምርመራው በጣም ፈጣን ነበር። ያኔ ግን በእውቀቱ ተገረምኩ።

ላባዎቹን እዚህ ጓሮ ቀበርናቸው። እኔ ወደ ምሥራቅ ይዙር አልኩ፤ ከማል ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ በኩል፣ አለ። ነኢማ እዚያች በር ላይ ቆማ፣ «ላባ ፊት አለው እንዴ፣ እናንተ ደንቆሮዎች!» አለችን። በኋላ ተስማማን፤ አንዱ ላባ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ቂብላ፣ ሦስተኛው ወደ ትክል ድንጋይ ዞረ። ካርቶን ዘርግተን ለቅሶ ተቀመጥን። የሰፈር ልጆች ቆሎ ይዘው ደረሱን። ከማል ያለቀሰው ለቅሶ! ደረቱን መታ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ሁለት ጊዜ ውሃ ተረጨበት። እኔ ደግሞ እንባ አልመጣልኝም። ቅናት ያዘኝ። በምን ልብለጠው ብዬ ግጥም ገጠምኩ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያውን። ማምሻውን ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ቆሜ አሰማሁ፦

ኧረ ሻምበል ሻምበል፣ ያገር አውራ ዶሮ፣
ማን ይቀሰቅሰን ለትምርት ዘንድሮ?
ለገና አልታረድህ፣ ላረፋ አልታረድህ፣
በሸለምጥማጥ ጥርስ ምነው ተዋረድህ?

እትዬ ከድጃ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። እናቴ አፏን ይዛ ወደ ማድቤት ሮጠች። ጋሽ ኑሩ ወደ ግድግዳው ዞረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቃል ሰውን እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ያየሁት ያን ምሽት ነው፤ እስከ ዛሬም ስገጥም የማየው ያንን የጋሽ ኑሩን ትከሻ ነው። ከማል ደግሞ ግጥሙን እስከ መጨረሻው አልተወውም። ባገኘኝ ቁጥር «በሸለምጥማጥ ጥርስ» ብሎ ይጀምርና ሳቅ ያፍነዋል። አድናቆት መስሎኝ ነበር።

ነኢማ ጎንበስ ብላ በጣቷ መሬቱን ትጭራለች።

«ሙሌ» አለች። «ሻምበልን ሸለምጥማጥ አልበላውም።»

«ምን በላው ታዲያ?»

«ምንም። እናቶቻችን በመጨረሻ መላ አግኝተው ነበር። ለእኛ ሌላ አውራ ዶሮ ሊገዛልን፣ ሻምበል ለቅበላ እናንተ ቤት ሊታረድ። ከማል አባዬ ማሽን ሥር ተደብቆ ሰማ። ጠዋት እየተንቀጠቀጠ ቀሰቀሰኝ። በአባዬ የጨርቅ ቦርሳ ከተትነው። እኔ ቦርሳውን ያዝሁ፣ እሱ ምንቃሩን ያዘ። ለዶሮው አዝኜ እንዳይመስልህ፤ ለተረከዜ ብዬ ነው። ገበያ ደርሰን አያ ደሴን ጠበቅናቸው። ከማል ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? ‹አያ ደሴ፣ ሻምበል ሀገሩ ናፍቆታል።› ‹ምነው፣ በምን አወቅህ?› ቢሉት፣ ‹ማታ ማታ ይነግረኛል› አላቸው። ሰውዬው በሳቅ ፈርሰው ተቀበሉት።»

«ላባዎቹስ?»

«ከጅራቱ ነቅለን አስቀረን። ለማስረጃ።»

«ያ ሁሉ ለቅሶስ? የተረጨበት ውሃስ?»

«መንገድ ላይ ተለማምዶታል።»

«ለእኔ ግን ምነው ሳይነግረኝ? ድርሻዬ አልነበረም እንዴ?»

«‹ለሙሌ ነገርን ማለት ለገበያው ነገርን ማለት ነው› አለኝ።»

እሱስ እውነት ነበር።

ነኢማ መጫሯን አቆመች። «ማልልኝ ብሎ አስማለኝ፤ እኔም አስማልሁት። ከእሱ ጋር የነበረኝ ምስጢር ያ ብቻ ነው። ሰው ፊት በዓይን ብቻ ነበር የምናወራው። አንተ ያን ግጥም ባልህ ቁጥር ከጠረጴዛ ሥር እግሬን ይረግጠኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ቀረሁበት፣ ሙሌ። የሁለት ሰው ነገር አንድ ሰው እንዴት ይይዘዋል?» ሻርፗን ሰብሰብ አደረገች። «ከማል ከፈጅር ሶላት በፊት ነው የሄደው። ማንም ሳይነቃ።»

ሁለታችንም ወደ ጓሮው አጥር አየን።

«ግጥሙን ጨርሰው» አለች። «የመጨረሻዋን ዘለልሃት።»

አውቄ ነበር የዘለልኳት። ጓሮው ውስጥ ተቀምጬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልኩት፦

የሁለት ሰው ነበርህ፣ ላንድ ሰው ሳትበቃ፣
ምነው ጥለህ ሄድህ ሰፈሩ ሳይነቃ?

ነኢማ መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ቤቱን አልፎ ድንኳኑን አልፎ መንገዱን የተሻገረ ድምፅ። «ወንድሜን!» አለች። «ያን ውሸታም! ያን አስመሳይ! ወንድሜን!» ሻርፗ ከራሷ ወድቋል፤ ድንጋዩን በመዳፏ ትመታለች።

እትዬ ከድጃ እየሮጡ ወጡ። ልጃቸውን አዩ፤ ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጠው ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ተመስገን። አልቅሽ የኔ እናት፣ አልቅሽ» አሉ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ብለሃት ነው?»

«የሻምበልን ግጥም ነው የነገርኳት፣ እትዬ።»

«የቱ ሻምበል? ያ ያልሞተው ዶሮ?»

ነኢማ ለቅሶዋን አቁማ ቀና አለች። «እማ! አንቺ ታውቂ ነበር?»

«የማያውቅ ማን አለ?» አሉ እትዬ ከድጃ እንባቸውን እየጠረጉ። «ደሴ ያኑ ቅዳሜ ከመንገድ ተመልሰው ነገሩን እኮ! ‹ልጆቹ ሰርቀው ሰጡኝ፤ ልመልሰው ወይስ ልውሰደው?› ብለው። ‹ይውሰዱት፣ ተገላገልን› አልናቸው። ኋላማ አገራቸው ገብቶ ውሻቸውን ቤት አስለቅቆታል አሉ።»

«እናቴስ?» አልኩ።

«አልማዝ? ግጥምህን ስታነብ ማድቤት ገብታ በሳቅ ልትሞት ነበር።»

የጋሽ ኑሩ ትከሻ ትዝ አለኝ። እትዬ ከድጃ የሸፈኑት ፊት ትዝ አለኝ።

«ለእኔ ግን ሰው እንዴት አይነግረኝም!»

«እንዴት ብለን እንንገርህ?» አሉ፤ እውነት የከበዳቸው ነገር ነበር። «ግጥሙ አልቆ ነበር። ደግሞ ያምራል። ዶሮው አልሞተም ብለን ያን የመሰለ ግጥም ሜዳ ላይ እንጣለው?»

ነኢማ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከውስጥ የእኒያ አሮጊት ድምፅ፣ «ወጣላት! እሰይ!» ሲል ተሰማ። አንዲት ልጅ ዳቦና ሻይ ይዛ መጣች፤ ነኢማ ዳቦውን ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተችው። እትዬ ከድጃ እስክትውጠው ድረስ ጉሮሮዋን ሲያዩ ቆዩ።

ያኔ ያ ዶሮ እንደገና ጮኸ። በአጥሩ ላይ ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ልክ ለግጥሙ ጭብጨባ የሚጠብቅ መስሎ ቆሟል። ቀይ ነው፤ ጎረምሳ።

«ይሄስ ማነው?» አልኩ።

ነኢማ አፏ ዳቦ እንደሞላ አየችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲመጣ አየሁ።

«ከማል ነው ያመጣው» አለች። «ክረምት ላይ፣ ሳያመው በፊት። ጫጩት ሆኖ። ለልጄና ማዶ ላለችው ለማርታ ልጅ፣ መሀላቸው መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ‹ለሁለታችሁ ነው› አላቸው። እኔ ተቆጣሁ። ‹አንተ ልጅ፣ ዛሬም አልተማርህም? ሲያድግ ይሄን ማን ሊያርደው ነው?› አልሁት።»

«ምን አለሽ?»

ነኢማ ዓይኗን ጠበብ፣ አገጯን ቀና አደረገች። ከፊቴ የተቀመጠው ከማል ነበር።

«‹ለዚያ ነዋ!›»